እናቴን ሁለት ጊዜ ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን አመጣኋት፤ ሁለቱ መንገዶች አንድ አይደሉም

እማዬ 74 ዓመቷ ነው። የምትኖረው ቀበና ነው። እኔ ደግሞ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። በመካከላችን ያለው የአየር ርቀት ወደ 11 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ማንም ስልኩን አውጥቶ ያገኘዋል። የሁለቱን ከተሞች ስም ይጽፋል፣ ርቀቱ ይመጣል፣ ከሥሩ «የበረራ ጊዜ 13 ሰዓት ገደማ» ይላል። እኔም ያንን አይቼ ነበር። 13 ሰዓት ማለት ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውቶቡስ እንደ መሄድ ነው፣ እማዬ ትችለዋለች አልኩ።

አሁን ሁለት ጊዜ አምጥቻታለሁ። አንዱን በዐረብ ባሕረ ሰላጤው በኩል በትራንዚት፣ ሌላውን በኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታው። እናቱን ወይም አባቱን ለማስመጣት ቲኬት የሚፈልግ ሰው ሁሉ ይህን ሳያነብ ገንዘቡን እንዳይከፍል ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለዚያ 13 ሰዓት ልንገራችሁ። ቁጥሩ የሚመጣው በቀላል ማካፈል ነው። ትልልቅ አውሮፕላኖች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይበራሉ። 11 ሺህ 500ን ለ900 አካፍሉት፤ 13 ሊሞላ ትንሽ የቀረው ቁጥር ይመጣል። ሒሳቡ ልክ ነው። ግን አውሮፕላኑ ቦሌ ተነሥቶ ሳይቆም፣ ሳይዞር፣ ነፋስ ሳይገፋው ሲሄድ ነው። ወደ አሜሪካ ስትመጡ ደግሞ ከሦስቱ አንዱም አይሆንም።

የመጀመሪያው ጉዞ የዛሬ አራት ዓመት ነው። ቲኬቱን የቆረጥኩት እዚሁ አካባቢ ካለ አንድ የቲኬት ቢሮ ነው። ስሙን አልጠራም። ሰውየው በጣም ትሑት ነበር። «ጋሼ፣ 18 ሰዓት ነው፣ ከቀጥታው በ350 ዶላር ይረክሳል» አለኝ። 18 ሰዓት አልከፋኝም። ከ13 በአምስት ይበልጣል፣ 350 ዶላር ግን ገንዘብ ነው። ከፈልኩ።

በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ 18ቱ ሰዓት አየር ላይ ያለችበት ብቻ ነው። ከቦሌ እስከ ባሕረ ሰላጤው 4፣ ከዚያ እስከ ዋሽንግተን 14። በመካከሉ ኤርፖርት ውስጥ የምትቀመጥበትን 11 ሰዓት አልቆጠረውም። ውሸት አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። ዊልቸር አስመዝግብልኝ ብዬው ነበር፣ እሺ ብሎ ረሳው። ይህ ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እማዬ ማታ ላይ ያንን ኤርፖርት ደረሰች። እንግሊዝኛም ዐረብኛም አትችልም። ከተማ የሚያህል ኤርፖርት ነው። ሌሊቱን በፕላስቲክ ወንበር ላይ አሳለፈች። ሻንጣዋን እንዳይወስዱባት የእጅ ቦርሳዋን እግሯ ላይ አስራ። እኔ በስልክ «ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚያስገቧችሁ» ብያታለሁ። የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። እኔ የተናገርኩት በቲኬቱ ላይ የተጻፈውን ጠዋት 8፡00 ነው። በእማዬ የእጅ ሰዓት ያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። እሷ ደግሞ ስምንት ሰዓት ሲባል የምታውቀው አንድ ስምንት ሰዓት ነው፤ ከምሳ በኋላ ያለውን። ስለዚህ ሰዎች ሲነሡ እሷ ተረጋግታ ተቀመጠች። ገና ስድስት ሰዓት አለኝ ብላ መቁጠሪያዋን ይዛ ዳዊቷን ትደግማለች።

ያዳነቻት አንዲት ልጅ ናት። ከሰው ቤት ሥራ ወደ አገሯ የምትመለስ ልጅ። ነጠላዋን አይታ መጥታ «እማማ፣ የት ነው የሚሄዱት?» አለቻት። ቦርዲንግ ፓሱን አየችው። ከዚያ ክንዷን ይዛ፣ ሻንጣዋን ተሸክማ፣ ሩጫ በሚመስል እርምጃ ጌቱ ድረስ አደረሰቻት። በሩ ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ነበር የቀረው። የራሷን በረራ ትታ ነው ይህን ያደረገችው ወይስ ጊዜ ነበራት፣ እማዬ አታውቅም። ስሟን እንኳ አልያዘችም። ዛሬም በጸሎቷ «ያቺን ልጅ» ትላለች።

ከቀበና በር እስከ እኔ በር 35 ሰዓት ፈጀባት። ከዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ስትወጣ እግሯ አብጦ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር። እኔ በደለስ ለ11 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ብዙ እናቶች እንዲህ ሆነው ሲወጡ አይቼ ሻንጣቸውን ጭኛለሁ። የራሴን እናት ሳይ ግን መቆም አቃተኝ።

አንድ ነገር ያኔ አልገባኝም ነበር። ለልጄ ትምህርት የገዛነው የምድር ሉል አለ። አንድ ቀን ክር ወስጄ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ወጥሬ ያዝኩት። ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው የሚወጣው። በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በሰሜን አፍሪካ ዳርቻ አድርጎ፣ ስፔንን አቋርጦ፣ አትላንቲክን ይሻገርና ከሰሜን በኩል ወደ አሜሪካ ይወርዳል። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ስታዩት ግን መንገዱ ቀጥ ብሎ በምዕራብ አፍሪካ በኩል የሚያልፍ ይመስላል። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ ወደ ላይ ጎበጥ ያለው ነው። እማዬ ክሩን አይታ «ድር ሲወጠር ነው የሚያጥረው» አለች። ፈትል የምታውቅ ሴት ናት።

ከዚያ ያንኑ ክር ከባሕረ ሰላጤው ከተሞች ወጠርኩት። ዱባይን ብትወስዱ ዶሃን፣ ከዋሽንግተን ያላቸው ርቀት ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ ካለው ርቀት ጋር ተቀራራቢ ነው። በሌላ አነጋገር እናቴ ከ2 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በረረች፣ 11 ሰዓት ተቀመጠች፣ ከዚያ ጉዞውን ገና ከመነሻው ጀመረች። ያ አራት ሰዓት በረራ ይህን ያህል አላቀረባትም። ይህን ሳውቅ ከ350 ዶላሩ ይልቅ ያ አራት ሰዓት ነው የቆጨኝ።

ሁለተኛውን ጉዞ በ2017 ዓ.ም. መጋቢት አጋማሽ ላይ አደረግነው። ራሴ ሄጄ ይዣት መጣሁ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ። እዚህ ላይ ሰዎች የሚደናገሩበት ነገር አለ። «ቀጥታ» ሲባል ወደ አሜሪካ የሚመጣው በረራ በመንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ያርፋል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ግን ሳይቆም ይሄዳል። መንገዱ ያው ነው፣ ከተሞቹም እነዚያው ናቸው፣ ጊዜው ግን ይለያያል። እኔ መጀመሪያ ስመጣ ሮም ላይ ነበር ያረፍነው። ከዚያ ደብሊን ላይ የሚቆምበት ዘመን መጣ። የሚያርፍበት ከተማ ስለሚቀያየር ቲኬታችሁ ላይ እዩት።

ለምን ይቆማል ብላችሁ የምትጠይቁ ከሆነ፣ ምክንያቱ አዲስ አበባ ራሷ ናት። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 300 ሜትር ላይ ነው ያለው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ያንሳል፣ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ያንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ ፍጥነትና የበለጠ ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። ሰው ሞልቶ፣ ሻንጣ ሞልቶ፣ ለ11 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሣና ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይሞላል። ደለስ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 95 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እዚያ ታንከሩን ጢም አድርጎ ይነሣል። በዚያ ላይ ከፍታ ላይ ያለው ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የሚነፍሰው። ስትመጡ ወደ ኋላ ይገፋችኋል፣ ስትመለሱ ያግዛችኋል።

ሌላም አለ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የሱዳን ጦርነት ሲጀመር፣ ያ የክሩ መንገድ ተበላሸ። የሱዳን ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላን አደገኛ ሆነ። በዚያ በኩል ያልፉ የነበሩ በረራዎች መዞር ጀመሩ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ኪሎ ሜትር ይህን አያውቅም።

የተነሣነው ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። ቲኬቱ ላይ 22፡40 ይላል። ከቤት የወጣነው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። የአሜሪካ በረራ ከሌላው ተለይቶ ተጨማሪ ፍተሻ አለው፤ ጌቱ ጋ ስትደርሱ ቦርሳ እንደገና ይከፈታል። ስለዚህ ከበረራው አራት ሰዓት ቀድሞ መድረስ አይበዛም። ዊልቸሩን በዚህ ጊዜ ለማንም አልተውኩም፤ ራሴ ደውዬ አስመዘገብኩ፣ ከሁለት ቀን በፊት ደግሜ ደውዬ አረጋገጥኩ። ቦሌ በር ላይ አንድ ወጣት እየጠበቀ ነበር። «እናቴ፣ ይቀመጡ» ብሎ እስከ አውሮፕላኑ በር ወሰዳት። በአማርኛ ነው የሚያወራት። ስለ ጉልበቷ ጠየቃት፣ ስለ እናቱ ነገራት። እኔ ከኋላ ሻንጣ እየጎተትኩ ስሰማ የመጀመሪያውን ጉዞ አስታወስኩና ዓይኔ ሞላ። የዚህን ዋጋ የትኛውም የርቀት ሠንጠረዥ ላይ አታገኙትም። ለአንዲት እናት በራሷ ቋንቋ «ሽንት ቤት የት ነው?» ብላ መጠየቅ መቻል ትልቅ ነገር ነው።

አውሮፕላኑ ኤርባስ ኤ350 ነበር። ስለዚህ አውሮፕላን አንድ ነገር ሳነብ ገርሞኛል። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት በተራራ ላይ እንዳለው ዓይነት ነው። በቆዩት አውሮፕላኖች እስከ 2 ሺህ 400 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። በኤ350 እና በድሪምላይነር ግን ከ1 ሺህ 800 ሜትር ብዙም አያልፍም። አዲስ አበባ 2 ሺህ 300 ናት። እናቴ አትላንቲክ ላይ 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣ የምትተነፍሰው አየር ቀበና ከምትተነፍሰው የወፈረ ነው። ደም ግፊት አለባትና ይህ አረጋግቶኛል። አየሩ ደረቅ መሆኑ ግን አይቀርም። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ዓይን ይቆጠቁጣል።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ጾሙን አስበን ሥጋም ወተትም የሌለበትን ምግብ አስቀድመን አዝዘናል። ከተነሣን ብዙም ሳይቆይ፣ ከእኩለ ሌሊት በፊት እራት መጣ። እማዬ በላች። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት» ብላ መለሰች። መንገደኛ ነሽ፣ ይቅርብሽ ብላት አልሰማችኝም። የንስሐ አባቷ ውኃ ፈቅደውላት ስለነበር ውኃውን ብቻ በየሰዓቱ አጠጣኋት።

ሌሊቱ አያልቅም። ይህን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። አውሮፕላኑ ወደ ምዕራብ ስለሚሄድ ከንጋቱ እየሸሸ ነው። ፀሐይ ከኋላ ትከተላለች፣ ቶሎ አትደርስም። ነዳጅ ለመቅዳት ስናርፍ ጨለማ ነበር። ከአውሮፕላኑ አልወረድንም። ከተማውን በመስኮት በመብራቱ ብቻ ነው ያየነው። እማዬ ነቅታ «ደረስን?» አለች። አይ፣ ነዳጅ ነው አልኳት። አንድ ሰዓት ያህል ቆመን ተነሣን። በእሷ ሰዓት የጠዋት ሦስት ሰዓት ሆኖ ውጭው አሁንም ጨለማ ነው። መስኮቱን ከፍታ አየችና «ልጄ፣ ዛሬ አይነጋም እንዴ?» አለችኝ። ሌሊቱ የሰባት ሰዓት ጭማሪ እንዳለበት ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ጸሎቴን እደግማለሁ» ብላ ዳዊቷን አወጣች።

በየሁለት ሰዓቱ አስነሥቼ በመተላለፊያው እስከ ጅራቱ አራመድኳት። ሐኪሟ ያዘዘላትን ጠበቅ ያለ ካልሲ ከቤት ጀምሮ አድርጋለች። ይህ ካልሲ ርካሽ ነው፣ ፋርማሲ አለ፣ ግዙላቸው። የመጀመሪያው ጊዜ ጫማዋን በእጇ ይዛ የወጣችው እናቴ በዚህኛው ጊዜ በጫማዋ ወረደች።

ያረፍነው በዋሽንግተን ጠዋት 8፡10 ላይ ነው። አውሮፕላኑ ሲነካ እማዬ የእጅ ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ሰዓት ከዐሥር ይላል። «ሰዓቱ ደረሰ» አለች። ውጭው ገና የጠዋት ፀሐይ ነው። እኔ ዝም አልኩ። ከቦርሳዋ ዳቦ ቆሎ አውጥታ፣ አማትባ፣ ጾሟን ፈታች።

ያን ጊዜ ነው ስለ ሰዓቱ የገባኝ። በበጋው ሰዓት፣ ማለትም በፈረንጆቹ ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ፣ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በስድስት ይለያል። ስለዚህ የአዲስ አበባን ሰዓት እንደ እኛ አንብባችሁ አንድ ብትቀንሱ የዋሽንግተን ሰዓት ይመጣል። ዘጠኝ ከሆነ ስምንት። አራት ከሆነ ሦስት። በክረምታቸው ወራት ልዩነቱ ስምንት ስለሚሆን ሁለት ትቀንሳላችሁ። ቀንና ሌሊቱን ብቻ ማስተዋል ነው፤ እዚያ ከሰዓት በኋላ ከሆነ እዚህ ጠዋት ነው። ይህን ለእማዬ አንዴ ነገርኳት፣ ከዚያ በኋላ ተሳስታ አታውቅም። ስድስት መደመር፣ ሰባት መቀነስ እያልን ስንት ዓመት አደናገርናቸው።

ደለስ ስለ ደረሱ ሰዎች ደግሞ ይህን ልበል። በእኛ አጠራር ደለስና ዳላስ አንድ ይመስላሉ። አንዱ ዋሽንግተን ነው፣ ሌላው ቴክሳስ። ቲኬቱ ላይ አይ ኤ ዲ የሚለውን ኮድ እዩ። ታክሲ ስነዳ ከዚህ ስሕተት የተነሣ የሚያለቅስ ሰው ከአንድም ሁለቴ ገጥሞኛል። ከአውሮፕላኑ ከወረዳችሁ በኋላ ትልቅ፣ ቤት የሚያህል መኪና ውስጥ ያስገቧችኋል። ኤርፖርቱ በፈረንጆቹ 1962 ሲከፈት ጀምሮ ያለ አሠራር ነው። መንገደኛውን ከአውሮፕላኑ አካባቢ ወደ ኢሚግሬሽን አዳራሽ ያጓጉዛል። ብዙ እናቶች እዚህ ላይ ይደነግጣሉ። ሌላ አገር የሚወስዷቸው ይመስላቸዋል። አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

በዊልቸር ያለ ሰው በኢሚግሬሽን ሰልፍ ላይ ብዙ አይቆምም። እኛ ከአውሮፕላን እስከ ሻንጣ፣ ከሻንጣ እስከ በር አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ሻንጣ ሁለት ሁለት ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በርበሬና ሽሮውን የግድ በሚጫነው ሻንጣ ክተቱት። ከፈረንጆቹ 2018 ጀምሮ ወደ አሜሪካ በሚመጣ በረራ ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ቦርሳ ከያዛችሁ ተለይቶ ይፈተሻል፣ ካላመኑበትም ይቀራል። ከፊታችን የነበረች ሴት ሁለት ላስቲክ ሽሮ በእጇ ይዛ ነበር። እንዴት እንደተጨነቀች አይቻለሁ። ቋንጣ ደግሞ ከነጭራሹ አታምጡ፤ ሥጋ አያስገቡም። ለጉምሩክ ሠራተኛው ምግብ ይዣለሁ ብላችሁ እውነቱን ተናገሩ፤ በርበሬና ሽሮ ይዞ እውነቱን የተናገረ ሰው ሲከለከል አላየሁም።

ከቀበና በር ከወጣንበት እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ በር 24 ሰዓት ተኩል። አንድ ቀን ከነሌሊቱ ማለት ነው። 13 ሳይሆን 24። ከ35 ጋር ሲተያይ ግን እናቴን 10 ሰዓት አተረፍኩላት። ከሰዓቱም በላይ አንድ ጊዜ ተሳፍራ አንድ ጊዜ ወረደች።

ዋጋው ይበልጣል፣ እውነት ነው። በእኛ ጊዜም ከትራንዚቱ በ400 ዶላር ገደማ በልጧል። ወጣት ከሆናችሁ፣ አንድ ቦርሳ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ እንግሊዝኛ የምትችሉ ከሆነ ትራንዚቱን ውሰዱ፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። እንዲያውም አራት ሰዓት በርሮ እግርን ማፍታታት የሚመቸው ሰው አለ። እኔ ራሴ ረጅም ስለሆንኩ ከአስራ ስድስት ሰዓት በላይ አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ ጉልበቴን ይፈትነዋል። ለእናት ግን፣ ለአባት ግን፣ ለነፍሰ ጡር እኅት ግን፣ 400 ዶላሩን ከወንድሞቻችሁ ጋር ተካፍላችሁ ክፈሉ። እኛ ሦስት ነን፣ ተካፈልነው። ማንም አልተጎዳም።

ቲኬት የሚቆርጥላችሁን ሰው ደግሞ «በረራው ስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት። «ከቦሌ ተነሥታ ደለስ እስክትወርድ ስንት ሰዓት ነው?» በሉት። ጥያቄው ሲቀየር መልሱ ይቀየራል።

እማዬ ለአዲስ ዓመት አገሬ መግባት አለብኝ ስላለች ነሐሴ መጨረሻ ላይ መለስኳት። በዚህ ጊዜ ብቻዋን ነበረች፣ እኔ ሥራ ነበረብኝ። አልፈራሁም። ጠዋት 5 ሰዓት ላይ በእኛ አነጋገር፣ በፈረንጁ 11፡00 ላይ ተነሣች። ዊልቸር ከበር ተቀበላት። ሳትቆም 13 ሰዓት። ያ ኢንተርኔት ላይ ያለው ቁጥር በመመለሻው እውነት ሆነ። ወደ ምሥራቅ ስትሄድ ቀኑም ሌሊቱም ያጥራል፤ ምሳ በልታ ብዙ ሳትቆይ ጨለመ፣ ትንሽ አሸልባ ነጋ።

«ስትገቢ ደውዪልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሺኝ» ብያት ነበር። ስልኩ ጮኸ። ከበስተኋላ የእኅቴ ድምፅና የቡና ሙቀጫ ይሰማል። «ገባሁ፣ ደኅና ነኝ፣ ጫማዬም ልክ ነው» አለች። ምን ሰዓት ነው እንዳልል ቀደመችኝ።

«እዚህ ሦስት ሰዓት ነው። አንድ ስቀንስ አንተ ጋ ሁለት፣ ሌሊት ነው። በል ተኛ።»